ከፖስታው ውስጥ የወጣው እራፊ

ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ጥያቄ ቀለም ስለሚለቅ ነጠላ፣ ታጥቦ ስለሚያጥር ሱሪና ገበያ ላይ «መቶ በመቶ ጥጥ» እየተባለ ስለሚሸጠው ነገር ነው። በዚህ ወር ግን ከደብረ ማርቆስ የመጣ አንድ ፖስታ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ አስፈታኝ። ውስጡ ከደብዳቤው ጋር መዳፍ የምታክል ነጭ ጨርቅ ታጥፋ ነበር። የሚገርመው፣ በዚያው ሰሞን ስለዚሁ ጉዳይ ሌሎችም ጽፈውልኛል። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ ሙሉ በሙሉ ደም ሥር ላይ ስለሚጣፍ ጨርቅ ነው። ቀለም የለቀቀባችሁ በሚቀጥለው ወር እንገናኝ።

ጥያቄ፦ «ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሸማኔ ነኝ። ሙያውን ከአባቴ ነው የተማርኩት፣ ዕድሜዬም ስልሳን አልፏል። ታላቅ ወንድሜ እግሩ እየቀዘቀዘና እየደነዘዘ፣ ሃምሳ እርምጃ ሳይሄድ እየቆመ ተቸገረና አዲስ አበባ ወሰድነው። ብሽሽቱ ላይ ያለው ደም ቅዳ ተደፍኗል አሉን። ከፍተው፣ ጠርገው፣ ሲዘጉት ‹ዳክሮን› የሚባል ጨርቅ ጣፉበት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ቤተ ክርስቲያን በእግሩ ይሄዳል። እኔን ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። እኔ የምሠራው ሸማ ውኃ አይዝም። ጨርቅ እንዴት አድርጎ ደም ይይዛል? ፈትኖ ‹ይህ ይሆናል› ያለውስ ማን ነው? የቻልኩትን ያህል አጥብቄ የሠራሁትን እራፊ ልኬያለሁ። ፈትነው ይንገሩኝ።»

መልስ፦ ጋሼ፣ በመጀመሪያ ሐኪም አይደለሁም። ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥራት ክፍል ውስጥ ክር ስበጥስ ነው ያረጀሁት። «ክር መበጠስ ደግሞ ሥራ ነው?» እንዳይሉኝ፣ ደመወዝ ይከፈልበታል። በመሀል ለትምህርት ጀርመን ሄጄ ሁለት ዓመት ስቀመጥ የደረሰኝ ቤተ ሙከራ ሰው አካል ውስጥ የሚገባ ጨርቅ የሚፈተንበት ነበር። ስለ ወንድምዎ እግር ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ስለ ጨርቁ ግን ከእኔ ጋር እንጨዋወት።

ዳክሮን የፖሊስተር የንግድ ስም ነው። ፖሊስተሩ ደግሞ ያው ሃይላንድ የምንለው የውኃ ፕላስቲክ የሚሠራበት ቁስ ነው። ጨርቁ የሚሰፋበት ክር ብዙ ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ የማዳበሪያ ከረጢት የቅርብ ዘመድ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። አንዳንዱ ደግሞ ይደነግጣል። መደንገጥ አያስፈልግም፣ ቁሱ አንድ ቢሆንም ንጽሕናው፣ የክሩ ቅጥነትና ከእያንዳንዱ እሽግ ጀርባ ያለው የፈተና መዝገብ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት የሐር ክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ኒው ዮርክ ውስጥ አርተር ቮርሂስ የሚባል ወጣት ሐኪም ውሻ ላይ ሲሠራ አንድ ስፌት ያለ ቦታው በልቡ ውስጥ አልፎ ቀረበት። ከወራት በኋላ ሲያየው ክሩ በሚያብለጨልጭ ስስ ሽፋን ተለብጧል። ክር ከለበሰ ጨርቅም ይለብሳል ብሎ አሰበ። ቪንዮን ኤን የሚባል የፓራሹት ጨርቅ በቱቦ መልክ ሰፍቶ በደም ሥር ፈንታ ሞከረ፣ በ1952 ከባልደረቦቹ ጋር ውጤቱን አሳተመ። ቀጥሎ የሂዩስተኑ ቀዶ ሐኪም ማይክል ደበኪ መጣ። ናይሎን ሊገዛ ሱቅ ቢሄድ ናይሎን አልቋል፣ ዳክሮን የሚባል አዲስ ጨርቅ ግን አለ አሉት። ገዝቶ ቤቱ ገባና በሚስቱ የስፌት መኪና ሰፋው። መስፋት ያስተማረችው እናቱ ነበረች። የናይሎኑ ማለቅ ደግ ሆነ። በኋላ ሲፈተን ናይሎን ሰውነት ውስጥ በሦስት ዓመት ገደማ አብዛኛውን ጉልበቱን ሲያጣ ተገኘ፣ ዳክሮኑ ግን ጸና።

ደበኪ ከዚያ የሄደው ወደ እኛ ሙያ ሰዎች ነው። ቶማስ ኤድማን የሚባል የፊላደልፊያ ጨርቃ ጨርቅ ኮሌጅ መምህር ዳክሮኑን ያለ ስፌት በቱቦ መልክ የሚሠራ ማሽን አበጀለት። ይህችን ለተማሪ ስነግር ደረቴን እነፋለሁ። ሐኪም ሁሉን ይችላል የሚል ሰው ሲገጥመኝም እነግረዋለሁ።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ልክ ነዎት፣ ጨርቅ ደም አይዝም። ዳክሮንም ብቻውን አይዝም። ይህ የሚለካው በውኃ ነው። አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ብቻ ክፍት ትተው ጨርቁን አጥብቀው ያስሩታል። በ120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት ውኃ ይለቁበታል። ቁጥሩን ያውቁታል፣ ጤና ጣቢያ ደም ግፊት ሲለኩ ከላይ የሚነገርዎ ነው። በአንድ ደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር እንዳለፈ ይመዘገባል። እንደ ሹራብ የተሠራ ባዶ ዳክሮን ከ1 ሺህ በላይ ሊያሳልፍ ይችላል። ሰው ያለው ደም በጠቅላላ 5 ሊትር ገደማ ነው፣ ሒሳቡን እርስዎ ይሥሩት። በድርና ማግ ጠበቅ ተደርጎ የተሸመነው በጣም ያነሰ ያሳልፋል። እሱም ግን ያፈሳል።

ድሮ ሐኪሞቹ ጨርቁን ከመስፋታቸው በፊት በበሽተኛው በራሱ ደም ነክረው እስኪረጋ ይጠብቁ ነበር። የረጋው ደም ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ዛሬ ፋብሪካው ራሱ በኮላጅን ወይም በጄላቲን ለብጦ ይልከዋል፣ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ከከብት የሚገኙ ናቸው። ልባሱን ሰውነት ቀስ በቀስ ይበላዋል። እስከዚያ የሰውየው የራሱ ሥጋ በጨርቁ ዓይኖች ገብቶ ቦታውን ይረከባል። ስለዚህ ዓይኑ ጉድለት አይደለም። ጨርሶ ድፍን ቢሆን ሥጋው የሚጨብጠው ነገር አያገኝም ነበር።

ውኃው ቀላሉ ፈተና ነው። እኔን ያስለቀሰኝ የስፌት መጎተት ፈተና ነው። ከጨርቁ ጠበብ ያለ ቁራጭ ይቆረጣል። ከጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ገባ ተብሎ አንድ የስፌት ክር በመርፌ ያልፋል። ጨርቁን የማሽኑ የታች መንጋጋ ይይዘዋል፣ ክሩን የላይኛው። ከዚያ ማሽኑ ቀስ ብሎ ይስባል። ክሩ ጠርዙን ጥሶ ሲወጣ የነበረው ኃይል ስክሪኑ ላይ ይቀራል። ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማውን «ሸርር» አይጠብቁ። የጠርዙ ክሮች አንድ በአንድ እየተንሸራተቱ ነው የሚወጡት፣ ጆሮ ጠጋ ካላደረጉ አይሰማም። ጨርቁ ቀጥ ብሎ ተቆርጦም፣ በ45 ዲግሪ ሰያፍ ተቆርጦም ይፈተናል። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ እንዴት እንደሚያመል ለእርስዎ አልነግርም።

አንድ ቀን ሠላሳ ቁራጭ ፈተንኩ። አንዱ ከሁለት ኪሎ በላይ ይሸከማል፣ ጎኑ ያለው ግማሹንም አይችል። ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ ሰው ጠራሁ። ተቆጣጣሪዬ መጣችና ማሽኑን ዞር ብላም አላየችው። ቁራጮቹን በማጉያ መነጽር አየቻቸው። ጠርዛቸው ተተልትሏል። መቀሴ ዶልዱሞ ነበር። የቀኑ ሥራ በሙሉ ቅርጫት ገባ። ማታ ለእናቴ ደውዬ ሳለቅስ «በዶለዶመ መቀስ ጨርቅ እንደማይቆረጥ ለማወቅ ነው ጀርመን ድረስ የሄድሽው?» አለችኝ።

ሌላውን ባጭሩ ልንገርዎ። አይኤስኦ 7198 የሚባል ዓለም አቀፍ መመዘኛ አለ። መጀመሪያ በዋናነት ለቱቦዎቹ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2016 እትሙ እራፊዎቹም በስማቸው ገብተዋል። ውፍረቱ፣ የመበጠስ ኃይሉ፣ በግፊት የሚፈነዳበት ልክ፣ ሁሉም ይለካል። የሚፈተነውም ከማሽን የወረደው ጥሬ ጨርቅ አይደለም። ተለብጦ፣ ከጀርም ጸድቶ፣ ታሽጎ ለሐኪም ሊደርስ የተዘጋጀው ነው። ማጽጃው ጋዝ ወይም ጨረሩ ራሱ ቁሱን ሊጎዳው ይችላላ። ለብቻው ደግሞ ሌላ ተከታታይ ፈተና አለ፦ ሕዋስ ይገድላል ወይ፣ ደም ያረጋል ወይ፣ እንስሳ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል።

ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ትመታለች እንበል። በቀን 100 ሺህ ገደማ ነው። በ10 ዓመት ወደ 370 ሚሊዮን። 10 ዓመት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ስለሌለ ደም ሥር ውስጥ የሚገቡ አንዳንድ ዕቃዎች በሰከንድ 50 ጊዜ በሚመታ ማሽን ላይ ይደረጋሉ። ሦስት ወር ያህል ቀንና ሌሊት ሲመታ የ10 ዓመቱ ይሞላል። የእንደዚህ ያለ ማሽን ጎረቤት መሆን ወፍጮ ቤት እንደመሥራት ነው።

ወንድምዎ ትምባሆ የሚያጨሱ ከነበረ እንዳይመለሱበት። የታዘዘላቸውንም መድኃኒት ተሻለኝ ብለው እንዳያቋርጡ። ብሽሽታቸው ላይ ከልብ ምት ጋር የሚዘል እብጠት፣ መቅላት፣ መግል ወይም ትኩሳት ካዩ ነገ ሳይሉ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው። እራፊዎን አልረሳሁም፣ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ ባሕር ዳር ነርሲንግ እማራለሁ። ልምምድ በወጣሁበት ክፍል አንድ በጩቤ የተወጋ ልጅ መጥቶ የክንዱ ደም ቅዳ ከገዛ እግሩ በተወሰደ ደም መልስ ሲጣፍ አየሁ። ሰው ሠራሹ እያለ እግሩን መክፈት ለምን አስፈለገ? ደግሞ ሐኪሙ ‹ቴፍሎኑ በመርፌው ቀዳዳ ይደማል› ሲል ሰማሁ። ለመጠየቅ ፈራሁ። የተረፈ ቁራጭስ ተቀቅሎ ለሌላ ሰው አይሆንም?»

መልስ፦ የእኔ ልጅ፣ የመጀመሪያው መልስ ጩቤው ራሱ ነው። ከምን ላይ ተነሥቶ ልጁ ክንድ ውስጥ እንደገባ ማን ያውቃል? ቁስሉ የቆሸሸ ሲሆን ሰው ሠራሽ ነገር ማስገባት ለጀርም ቤት መሥራት ነው። ጀርም አንዴ ጨርቁ ዓይን ውስጥ ከሰፈረ መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም፣ ብዙ ጊዜ ጨርቁን ራሱን ማውጣት ይመጣል። የገዛ ሥጋ ግን ይዋጋል። ዋጋም አይጠየቅበትም። እኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ደም መልሱም የራሱ ዐመል አለው። ከቁርጭምጭሚት አካባቢ የተወሰደ ቀጭን ነው። አንገት ላይ ያለው ደም ቅዳ ላይ ሲጣፍ አልፎ አልፎ መሀሉ ላይ ፈንድቶ ያውቃል። ከላይ ከብሽሽት በኩል የተወሰደው ይሻላል። ጨርቁን ፋብሪካ ይፈትነዋል፣ የእግር ደም ሥርን ግን የሚፈትነው ሐኪሙ በዓይኑና በጣቱ ነው፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ። ቀለል አድርገሽ እንዳታዪው።

ቴፍሎኑ ያው የመጥበሻው ቴፍሎን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ቦብ ጎር የሚባል አሜሪካዊ የጋለውን ቁስ ቀስ እያለ ሲስበው ይበጠስበታል። ተናደደና በአንድ ጊዜ መነጨቀው። ተለጠጠ፣ ውስጡም በአየር ተሞላ። ከዚያ የመጣው ነው ደም ሥር ላይ የሚጣፈው። አልተፈተለም፣ አልተሸመነም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ዳክሮን ላይ መርፌ ስትሰጂ መርፌው በክሮቹ መሀል ያልፋል። ክሮቹ ገለል ይሉና ይመለሳሉ፣ ነጠላ ላይ ጣትሽን እንደምታስገቢው። ቴፍሎኑ ክር የለውም። ፌስታል በመርፌ እንደመውጋት ነው፣ የተበሳው እንደተበሳ ይቀራል። መርፌው ደግሞ ሁልጊዜ ከሚጎትተው ክር ይወፍራል። በክሩና በቀዳዳው መሀል ትንሽ ክፍት ትቀራለች፣ ደሙ የሚያመልጠው በእሷ ነው። ለዚህ ሲባል ከራሱ ከቴፍሎኑ የተሠራና ውፍረቱ ለመርፌው የቀረበ ክር ወጥቶለታል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ይህን ለመፈተን እራፊውን እንደ ሐኪም ዙሪያውን ትሰፊዋለሽ፣ ግፊት ትሰጪዋለሽ፣ የሚንጠባጠበውን በሚዛን ትይዣለሽ። ባሕር ዳር ጎሚስታ የተጣፈውን የብስክሌት ጎማ ሳፋ ውስጥ ነክሮ አረፋ እንደሚፈልገው ማለት ነው። እኔ ጎሚስታ ባየሁ ቁጥር የሙያ ባልደረባ ያየሁ ይመስለኛል።

ቁራጩን ስለ መቀቀል፦ አይሆንም። ኮላጅን ወይም ጄላቲን የተለበጠውን እንፋሎት ውስጥ ስታስገቢው ልባሱ ይበላሻል። ያ ሁሉ የፈተና ቁጥር የተመዘገበው አንድ ጊዜ ለታሸገው ነው፣ ሁለተኛ ለተቀቀለው ማንም አልለካም። ስስት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ሲጣል ማየት አንጀት ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ «እህቴ፣ ከመራዊ ነው። ልጄ ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ሥር አንድ ቦታ ላይ ጠቦ ነው የተወለደው። አዲስ አበባ ተሠራለት፣ ደህና ነው። የጠበበውን ቆርጠው ጫፍና ጫፉን አገናኘን አሉኝ። አንድ ዘመዴ ግን ‹በጨርቅ ቢያሰፉት ይሻል ነበር፣ መቁረጥ ምን አመጣው› ብሎ አስጨነቀኝ።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዘመድዎ ያሉት ነገር ተሞክሯል። ታሪኩ ከዚህ ሙያ ከተማርኩት ሁሉ የማይረሳኝ ነው።

አንድ ሰሞን ይህን ጠባብ ቦታ በቁመቱ ሰንጥቀው ዳክሮን እየጣፉ ያሰፉት ነበር። ሥራው ፈጣን ነው፣ ደም ሥሩም ወዲያው ይሰፋል። ጨርቁ ፈተናውን ሁሉ ያለፈ ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ከተሠራላቸው አንዳንዶቹ ላይ ደም ሥሩ ማበጥ ጀመረ። ያበጠው ጨርቁ ቢሆን ማንም አይገረምም ነበር። ያበጠው ከጨርቁ ፊት ለፊት ያለው ጤነኛው የራሳቸው ግድግዳ ነው።

እናቴ በአሮጌ ቀሚስ ላይ አዲስ አቡጀዲ አትጥፍም ነበር። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ታጥበዋለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ከዚያ ነው የምትሰፋው። ልጅ ሆኜ ሞኝነት ይመስለኝ ነበር። አዲሱ አቡጀዲ ጠንካራ ነው። ቀሚሱ ሲሳብ እሱ አይሰጥም፣ መሳሳቡን ሁሉ የሚሸከመው በአጠገቡ ያለው ያረጀው ጨርቅ ይሆናል። በሦስተኛው እጥበት እራፊው ደህና ነው፣ ቀሚሱ ከጎኑ ተተርትሯል።

ጤነኛ ደም ቅዳ ልብ በመታች ቁጥር ሰፋ ጠበብ ይላል። ዳክሮን እንደዚያ አይልም። በቀን 100 ሺህ ጊዜ የሚመጣውን ግፊት ለጎረቤቱ ያሳልፈዋል። ጨርቁን ለብቻው ወጥረን ስንፈትነው ይህን አናየውም ነበር። ያየነው ጥንካሬውን ነው፣ ጥንካሬው ደግሞ እንከን የለሽ ነበር። ለዚህ ነው ዛሬ ፈታኞች እንደ ደም ሥር የሚለጠጥ ቱቦ ወስደው፣ እራፊውን ሰፍተውበት፣ በምት እየነፉ ስፌቱ አካባቢ ምን እንደሚሆን የሚለኩት። ጨርቁና ሥጋው በሚገናኙበት መስመር ላይ ሌላም ጣጣ ይመጣል፣ ሰውነት ጠባሳ እያደለበ መተላለፊያውን መልሶ ሊያጠበው ይችላል።

በዚያ ላይ ልጅዎ ያድጋል። ጨርቅ አያድግም። ቆርጠው ሥጋን ከሥጋ ማገናኘታቸው የዚህ ሁሉ ትምህርት ውጤት ነው። ዘመድዎን ሰላም በሉልኝ። ክትትሉን ግን አያቋርጡ፣ የተገናኘው ቦታም ቢሆን ልጅ ሲያድግ መልሶ የሚጠብበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ «የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተማሪ ነኝ፣ የቡሬ ልጅ። ጥጥ አለን፣ ሸማኔ አለን፣ ፋብሪካ አለን። ይህን እራፊ ለምን ከውጭ እናስገባለን?»

መልስ፦ ጎበዝ። ጥጡን ግን እርሳው። የዕፅዋት ክር ስለሆነ የደም ሥር ግፊትን ዕድሜ ልክ እንዲሸከም የሚታመን አይደለም። ፖሊስተሩን መሸመን ከባድ አይደለም፣ የመበጠስ ኃይሉን መለካትም እንዲሁ። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አቧራ የማይገባበት ክፍል፣ ልባሱ፣ ማጽዳቱ፣ የሕዋስና የደም ፈተናው፣ የእንስሳው ሙከራ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የዛሬ አምስት ዓመት የወጣች አንዲት እራፊ ከየትኛው ጥቅል ክር እንደተሠራች መዝገብ ከፍቶ ማሳየት መቻል። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ሰነዱን ሳያይ አይመዘግብልህም። እንዳትተው። ግን ከእራፊ አትጀምር፣ ከፋሻና ከጎዝ ጀምር። በእነሱ መዝገብ መያዝን ተለማመድ።

ጥያቄ፦ «አባቴ ደም ሥሩ ላይ ዳክሮን አለ። አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ላይ ይጮህበታል? ከዳንግላ።»

መልስ፦ አይጮህም። ጨርቁም ክሩም ፕላስቲክ ነው። ከጮኸ ቀበቶውን ይፍቱ።

አሁን ወደ እርስዎ እራፊ፣ ጋሼ።

ማሽን ቤቴ የለም። ግን 120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ማለት 1 ሜትር ከ63 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ማለት ነው፣ ሜርኩሪ ከውኃ 13.6 ጊዜ ስለሚከብድ። ግማሽ ኢንች የአትክልት ጎማ ገዛሁ። እራፊዎን ከአፉ ላይ በሲባጎ ጥፍር አድርጌ አሰርኩ። የእህቴ ልጅ ጎማውን ይዞ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፣ ምልክት ያደረግሁበት ድረስ በጆግ እየሞላ ከፍታውን እንዲጠብቅ ነገርኩት። እኔ ከታች ሳፋና ሰዓት ይዤ ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ ከገበያ የገዛሁትን ነጠላ ሞከርኩ። ልጁ ቢሞላ ቢሞላ ጎማው አልሞላለት አለ። የእርስዎ ያዘ፣ ቢያንስ ቀጥ ብሎ አልፈሰሰም። በአንድ ደቂቃ 2 ሊትር ከ300 አሳለፈ። ለጎማው አፍ ስፋት ሲካፈል ለአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ሺህ 800 ገደማ ነው። ጋሼ፣ ይህ በእጅ የተፈተለና በእጅ የተሸመነ ጥጥ ነው። ካልተለበጠው የሹራብ ዳክሮን ጋር እኩል ሊሰለፍ ምንም አልቀረው።

ከዚያ ልባስ ልሞክር ብዬ የስንዴ ዱቄት ሙጫ ቀባሁትና አሳድሬ ደገምኩት። በመጀመሪያው ደቂቃ ግማሽ ብርጭቆ እንኳን አልሞላም። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሙጫው ራሰ፣ ለቀቀ፣ ልጁም እግሩ ድረስ በሰበሰ። ጄላቲኑን በኬሚካል የሚያስሩት ለዚህ ነው፣ ሥጋው ሳይደርስ ቶሎ እንዳይሟሟ።

ስፌቱንም ሞከርኩ። በአዲስ መቀስ ቆርጬ፣ ከጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ላይ ክር አሳልፌ፣ ውኃ የሞላ ሃይላንድ አንጠለጠልኩበት። ግማሽ ሊትሩን ያዘ። አንድ ሊትሩን ስሰቅል ሁለት ማግ ቀስ ብሎ ተንሸራተተና ክሩ ወጣ፣ ሃይላንዱ የእህቴ ልጅ እግር ላይ ወደቀ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። የላኩት ከመሀል የተቆረጠ ነው፣ ዳር የለውም። ማጉ ዞሮ የሚመለስበትን ዳር የያዘ አንድ መዳፍ ያህል ቢልኩልኝ እንደገና እሰቅለዋለሁ። አንድ ሊትሩን የሚይዝ ይመስለኛል። ልጁን ግን ጫማ አስደርጌ ነው።